የድሬ ዳዋን የገደል ዋሻዎችና የገደል ወፎች መጎብኘት፦ ከዝግጅት እስከ መልስ

ከድሬ ዳዋ በስተደቡብ የተገተሩት የኖራ ድንጋይ ገደሎች በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተነጠፉ ናቸው። ባሕሩ ከሸሸ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ የዝናብ ውኃ ድንጋዩን እያሟሟ ዋሻ አውጥቶለታል፤ ሰዎች በዋሻዎቹ ኖረዋል፣ ግድግዳውንም ስለውበታል፤ ወፎቹ ደግሞ ከአፋፉ ላይ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ችግሩ አብዛኛው ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከከተማ ይወጣል፤ ሲደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ወፎቹ ተበትነዋል፣ ውኃው አልቋል፣ ሥዕሉንም በድካም ዓይን አይቶ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሰዓት የተቀመጠው ለዚህ ነው። ሰዓቱም የእኛው አቆጣጠር ነው፤ 12 ሰዓት ሲባል ጎህ ሲቀድ ማለት ነው።

መጀመሪያ ዋሻውን ይምረጡ

ለከተማው የሚቀርበው ፖርክ ኤፒክ ነው፤ በአማርኛ የጃርት ዋሻ ሊባል ይችላል። ከድሬ ዳዋ በስተደቡብ 2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ከተማውን ከሚያቋርጠው ከደቻቱ አሸዋ ወንዝ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገደሉ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1933 ተመራማሪዎቹ ቴያር ደ ሻርዳንና ፖል ቬርኔር ቆፍረውታል፣ ከ1974 ጀምሮ ደግሞ የአርኪዮሎጂስቱ ዴዝሞንድ ክላርክ ቡድን በድጋሚ ሠርቶበታል። ከመሬቱ የወጣው ሀብት አስደናቂ ነው፦ የድንጋይ መሣሪያ፣ የሰው መንጋጋ ስባሪ፣ ከ400 በላይ የተበሱ የቀንድ አውጣ ክዳኖች፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከ4,000 በላይ የቀይና የቢጫ አፈር ቁራጭ። ይህ ቀለም የሚሰጥ አፈር ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያው ሲፈጭና ሲፋቅ የነበረ ነው። የግድግዳ ሥዕልም አለው፤ ግን በጊዜ ብዛት ነጭ ቅርፊት ስለለበሰው ብዙው በዓይን አይለይም። ስለዚህ ወደ ፖርክ ኤፒክ የሚኬደው ቦታውን ለማየት እንጂ ሥዕል ለመጥገብ አይደለም። የግማሽ ቀን ጉዞ ነው።

ሥዕል የሚፈልግ ሰው ለገ ኦዳን ይምረጥ። ከድሬ ዳዋ በደቡብ ምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጥልቅ ዋሻ አይደለም፤ ከላይ አለቱ እንደ በረንዳ የወጣበት ረጅም መጠለያ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሉት፦ ሻኛ የሌላቸው ቀንደ ረጃጅም ከብቶች፣ በጎች፣ የዱር እንስሳት፣ ሰዎች፣ ትርጉማቸው ያልተፈታ ምልክቶች። ሻኛ አልባነታቸውን ልብ ይበሉ፤ ዛሬ በዚያው መንደር የሚያዩት ከብት ሁሉ ሻኛ አለው፣ ሻኛማው ዝርያ ወደ አካባቢው የገባው በኋላ ነው። ጎዳ አጃዋ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ባለ ሥዕል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ለገ ኦዳንና ጎዳ አጃዋን አያጣምር። መንገዱ ቀኑን ይበላዋል።

ወሩ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የአሸዋ ወንዞቹም ደረቅ ናቸው። ግንቦትና ሰኔ የድሬ ዋና የሙቀት ወራት ናቸው፤ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ይዘላል፣ ኖራ ድንጋዩም የያዘውን ሙቀት መልሶ ይተፋዋል። በበልግ ዝናብና ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ደግሞ ጎርፍ አለ። ይህ ጉዳይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የደቻቱ ጎርፍ ድሬ ላይ በዘነበ ዝናብ አይመጣም። ዝናቡ ደጋው ላይ፣ በደንገጎና በዙሪያው ይወርዳል፤ ውኃው በቁልቁለቱ ተሰብስቦ ድሬ ሲደርስ ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ የድሬ ሰው እስከ አሁን ቀኑን ያስታውሰዋል። ወደ ፖርክ ኤፒክ ሲኬድም ሆነ ወደ ሌሎቹ ሲታለፍ አሸዋ ወንዝ መርገጥ አይቀርም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ከመነሳትዎ በፊት ወደ ደንገጎ ቀና ብለው ይመልከቱ፣ ጠቁሮ ከሆነ ጉዞውን ወደ ሌላ ቀን ያዙሩ። አሸዋው ላይ መኪና አያቁሙ፣ ምሳ አይብሉ፣ ጥላ ነው ብለው አይተኙ። መሐል ላይ እያሉ ከላይ በኩል ጉምጉምታ ከሰሙ ወይም ቆሻሻና ጭራሮ እየገፋ የሚመጣ ቀጭን ውኃ ካዩ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይቆሙ በቀረበው ዳር ይውጡ። ወንዙን ተከትለው ወደ ታች አይሩጡ፤ ውኃው ይቀድማል።

ፈቃድና መሪ

ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት የሥራ ቀን ቀድመው የድሬ ዳዋ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይሂዱ። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ከነቅጂው ይዘው የሚሄዱበትን ቦታ፣ ቀኑንና የሰዉን ቁጥር ይንገሩ፤ ለቀበሌው የሚሆን ደብዳቤ ይጠይቁ። ደብዳቤ ያልያዘ ሰው ዋሻው ደጃፍ ደርሶ ሊመለስ ይችላል፤ የሚመልሱትም የመንደሩ ሰዎች ልክ ናቸው። ቁፋሮና ናሙና መውሰድ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም።

መሪው የመንደሩ ሰው ይሁን። ከከተማ የሚመጣ አስጎብኚ ታሪኩን ያውቅ ይሆናል፤ የትኛው መንገድ ባለፈው ክረምት እንደተናደ፣ ጅብ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ፣ የማን ማሳ ዳር እንደሚታለፍ የሚያውቀው ግን እዚያው ያደገ ሰው ነው። ክፍያውን ከመነሳት በፊት በግልጽ ይነጋገሩ፤ ለስንት ሰዓት እንደሆነና መኪና ጠባቂውን ይጨምር እንደሆነ አብረው ይወስኑ። መንደር ሲገቡ ሽማግሌ ካገኙ ቆመው ሰላም ይበሉ፤ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ?» (እንደምን አላችሁ?) ማለት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

ቀኑን ሲቆርጡ ሁለት ነገር ያስቡ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ስላለ መሪዎ እኩለ ቀን ላይ መስጊድ መድረስ ይፈልጋል። በሌላውም ቀን ቢሆን ከምሳ በኋላ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ሰውን ከዚያ አስነስቶ ገደል ማስወጣት ለእሱም ለእርስዎም ደግ አይደለም። ሥራውን ሁሉ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይጨርሱ።

የሚያዝ ዕቃ

ውኃ ለአንድ ሰው 4 ሊትር፤ ሁለቱ ሊትር ለጉዞው፣ አንዱ ለመልስ፣ አንዱ ለክፉ ቀን መኪና ውስጥ የሚቀር። ውኃን ብቻ እየጠጡ ማላብ ጨውን ስለሚያሳጣ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙና ይያዙ። ማንኪያው የተቆለለ አይሁን፤ ጨው ከበዛ ይጎዳል።

ከዚህ ሌላ፦ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ (ኮንጎ ጫማ ለዚህ ኮረት አይሆንም)፤ እጅጌ ረጅም ሸሚዝና ሱሪ፤ ባርኔጣ፤ ለአንድ ሰው ሁለት መብራት፣ አንደኛው ግንባር ላይ የሚታሰር፤ ፊሽካ፤ ፋሻና ፕላስተር፤ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ማስክ፤ የቆሻሻ ፌስታል። ለወፍ ተመልካች 8 በ42 የሚባለው፣ 8 እጥፍ የሚያጎላው የሩቅ ማያ መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ የሚበልጠው በደከመ እጅ ይንቀጠቀጣል። ምግቡን ቀላል ያድርጉት፦ ቴምር፣ ዳቦ፣ ሳምቡሳ። ፈጢራውንና ፉሉን ለመልስ ያቆዩት፤ ሆድ ሞልቶ 140 ሜትር መውጣት ይከብዳል።

ስልክ ብዙ ቦታ ላይ ይቋረጣል። ካርታውን ቀድመው ያውርዱ፤ ከተማ ለሚቀር ሰው ደግሞ የሄዱበትን ዋሻ፣ የመሪውን ስልክና «እስከ 8 ሰዓት ካልደወልኩ ቢሮውን አስጠንቅቅ» የሚል መልእክት ይተዉ።

ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፦ መውጣት

ለፖርክ ኤፒክ ባጃጅ እስከሚችልበት ድረስ ይወስድዎታል፤ ሹፌሩ ቆሞ እንዲጠብቅ ሳይሆን በተነጋገሩበት ሰዓት እንዲመለስ ያድርጉ። ለለገ ኦዳና ለጎዳ አጃዋ ከፍ ያለ መኪና ይከራዩ፣ መለዋወጫ ጎማውን ከመነሳትዎ በፊት በእጅዎ ተጭነው ይፈትሹት። ጎማ ሲፈነዳ የሚታወሰው ሁልጊዜ ባዶ መሆኑ ነው።

አቀበቱ ላይ ድንጋዩ ልቅ ነው። በቀጥታ ተከታትለው አይውጡ፤ ከፊት ያለው ሰው የረገጠው ድንጋይ ከኋላ ባለው ላይ ይወርዳል። በሰያፍ ይውጡ፣ መሪው «ድንጋይ!» ብሎ ሲጮህ ቀና ብለው ሳይመለከቱ ወደ ግድግዳ ይጠጉ። እጅዎን ዓይንዎ ያላየው ስንጥቅ ውስጥ አያስገቡ፤ እፉኝት ማለዳ ሙቀት ፍለጋ ድንጋይ ላይ ትተኛለች፣ ሲጠጓት አትሸሽም፣ ስትነካ ግን ትነድፋለች።

ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፦ ወፎቹ

ወፍ ለማየት ከገደሉ ሥር መቆም ስህተት ነው። ከማዶ ባለው ዳገት፣ ቢያንስ 200 ሜትር ርቀው፣ ፀሐይን ጀርባዎ ላይ አድርገው ይቀመጡ። ትልልቆቹ አሞሮች በማለዳ አይበሩም፤ ድንጋዩ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሳት እስኪጀምር ይጠብቃሉ፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የተቀመጡትን የማየት ጊዜ ነው። ከገደሉ ፊት ላይ የፈሰሰ ነጭ ኩስ ይፈልጉ። ሰፊና የተደራረበ ነጭ ብዙ ወፍ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠበት ነው፤ ከሱ በላይ ያለውን ጠርዝ በመነጽር ቀስ ብለው ይከተሉ።

በእንዲህ ዓይነቱ ገደል የሚታዩት የአለት እርግቦች፣ ጅራተ አጭሩ ቁራ፣ ማጭድ የሚመስል ክንፍ ያላቸውና ሲበሩ የማያርፉ ትንንሽ ወፎች፣ ጥንብ አንሳዎች ናቸው። ዕድለኛ ሰው ጥቁሩን ንስር ያያል፦ ሰውነቱ ድፍን ጥቁር፣ ጀርባው ላይ ነጭ ምልክት፣ ክንፉ ከሥሩ ቀጠን ብሎ መሐሉ ላይ የሚሰፋ። ይህ ንስር በአመዛኙ ሽኮኮ በልቶ ነው የሚኖረው። እሱን የሚፈልግ ሰው ሰማዩን ሳይሆን ሽኮኮዎቹን ይመልከት፤ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ከቆዩ በኋላ አንዱ ስል ጩኸት አሰምቶ ሁሉም በአንዴ ስንጥቅ ውስጥ ከገቡ፣ ንስሩ በአፋፉ በኩል እየመጣ ነው። እርግቦቹም በዚያው ሰዓት በአንድ ላይ ከገደሉ ይፈነጠራሉ።

ድንጋይ ወርውሮ ወፍ ማስነሳት፣ ማጨብጨብ፣ ድሮን ማስነሳት ፈጽሞ አይገባም። ጎጆ ላይ የተቀመጠች ወፍ ስትባረር እንቁላሉ ለዚህ ፀሐይ ይጋለጣል፤ ጫጩትም ከሆነ ቁራ ይቀድማታል። ወፉ አንገቱን አስግጎ እርስዎን ብቻ መመልከት ከጀመረ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ወደኋላ ይመለሱ። ጥንብ አንሳ በመላው አፍሪካ ክፉኛ እየቀነሰ ነው፣ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱም ለጅብ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው። በመንደሩ ይህ መኖሩን ከሰሙ ለቢሮው ያሳውቁ።

ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል፦ ዋሻው ውስጥ

ደጃፉ ላይ አምስት ደቂቃ ይቁሙ። ዓይን ጨለማውን ይልመድ፤ በዚያውም ወለሉን ይመልከቱ። ትኩስ አጥንትና ነጭ የደረቀ የጅብ ኩስ ካለ መሪው ሳያይ አይግቡ። የጃርት እሾህ ግን የተለመደ ነው። ኃይለኛ የሽንት ሽታ ካለና ከላይ የሚንጫጫ ካለ የሌሊት ወፍ አለ። ኩሳቸው የተከመረበትን ወለል አይርገጡ፤ አቧራው ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። ማለፍ ግድ ከሆነ ማስክ አድርገው፣ ሳያስነሱ፣ ፈጥነው ይለፉ። የወደቀ የሌሊት ወፍ በእጅ አይነሳም። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ያለ ማመንታት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይሂዱ።

ከዚያ በአንድ መስመር፣ ቀድሞ በተረገጠው ላይ ብቻ ይራመዱ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። ወለሉ ራሱ ቅርስ ነው፤ በእግር የተገለበጠ ባልጩት የት እንደነበረ ካልታወቀ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የተነሳው አቧራ ሄዶ የሚያርፈው ሥዕሉ ላይ ነው። ባልጩት ካገኙ ባለበት ፎቶ ያንሱት፣ ባለበት ይተዉት።

ሥዕሉን ለማግኘት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ግድግዳው ላይ ቀለም የሚመስል ብዙ ነገር አለ፦ ከብረት የተነሳ ቀይ ዝገት፣ የጭስ ጥቀርሻ፣ የኖራ ነጭ ቅርፊት፣ የሽኮኮ ሽንት የተወው ቡናማና የሚያብለጨልጭ እድፍ። ልዩነቱ እንዲህ ነው። የዝገት መስመር ስንጥቅን ተከትሎ ወደ ታች ይፈስሳል፤ የሰው ቀለም ግን ስንጥቁን አቋርጦ ያልፋል፣ ጠርዙም የተወሰነ ነው። የሽኮኮው እድፍ ውፍረት አለው፤ ቀለሙ ግን የድንጋዩ ጉድጓድ ውስጥ የሰረገ ነው፣ ቅንጣቱ ሲታይ የድንጋዩን ሻካራነት ይከተላል። ከብት ከሆነ በቀንዱ ይጀምሩ፤ ቀንዶቹ ብዙ ጊዜ ጎልተው ይተርፋሉ፣ ከእነሱ ወርደው አካሉን ያገኙታል። አንድ ሥዕል ሲለዩ ከሥሩ ሌላ አለ ወይ ብለው ይፈልጉ፤ ብዙ ትውልድ በአንድ ግድግዳ ላይ ደራርቦ ስሏል።

እንዲጎላ ብለው ውኃ የሚረጩ አሉ። ለደቂቃ ይጎላል፤ ውኃው ሲደርቅ ግን ከድንጋዩ ውስጥ ያወጣው ጨው ላዩ ላይ ደርቆ ቀለሙን ይሸፍነዋል ወይም አብሮት ይረግፋል። ኖራ መቀባት፣ በከሰል ማስመር፣ በጣት መከተልም እንደዚሁ ነው፤ የእጅ ቅባትና ላብ ይቀራል። ዋሻ ውስጥ እሳት አይነድም፣ ሲጋራም አይጨስም። አንድ ሰው ስሙን የጻፈበት ካዩ በራስዎ አያጥፉት፤ ስሙን ሲፈትጉ ከሥሩ ያለውን ያጠፋሉ። ፎቶ አንስተው ለቢሮው ይስጡ።

ፎቶውን ያለ ፍላሽ ያንሱ፤ ፍላሽ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጸብራቅ ሠርቶ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ለሥዕል የሚሻለው ጥላ ውስጥ ያለ ለስላሳ ብርሃን ነው። የተቀረጸ ወይም የተፋቀ ምልክት ከሆነ ግን መብራቱን ከጎን፣ ግድግዳውን ታክኮ ይያዙት፤ ጥልቀቱ በጥላው ይወጣል። ካሜራውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገው፣ ርዝመቱ የታወቀ ነገር ከሥዕሉ አጠገብ (ሳይነካ) አስገብተው አንድ ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ ያለ እሱ ይድገሙት። ቤት ሲመለሱ ደብዛዛ ቀለምን በሚያጎላው ዲስትሬች (DStretch) በሚባል መተግበሪያ ቢያሳልፉት፣ በዓይን ሮዝ ጭጋግ የመሰለው ቀይ የከብት እግር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ጥሩነቱ ድንጋዩን ሳይነካ ማሳየቱ ነው።

ከዋናው ክፍል ወደ ጠባብ ቀዳዳ የሚገባ መንገድ ካለ፣ ልምድና ገመድ የሌለው ሰው አይሞክረው። ጥልቅና አየር የማይዘዋወርበት ጉድጓድ ውስጥ ራስ ምታትና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከጀመረ አየሩ መጥፎ ነው፤ ወዲያው ይውጡ።

መውረድና መልስ

ጉልበት የሚታጠፈውና ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው። እየቆሙ ይውረዱ፤ ባልጠማዎት ጊዜም ይጠጡ። ከጓደኞችዎ አንዱ ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸውና ላቡ ከበዛ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ያዘጋጁትን ጨውና ስኳር ውኃ ቀስ እያሉ ያጠጡት። ላቡ ቆሞ ቆዳው ከጋለ ወይም ንግግሩ ከተዛባ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ልብሱን አርጥበው እያራገቡ ወደ ሆስፒታል ያሩጡት፣ ራሱን ስቶ ከሆነ በአፉ ምንም አይስጡ። እባብ የነደፈው ሰው እግሩ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ አይታሰር። እንዳይንቀሳቀስ ደግፈው፣ ተሸክመው ድሬ ዳዋ ወደሚገኘው ድል ጮራ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ማምሸት አይገባም። ሽኮኮ ባለበት ገደል የአሸዋ ዝንብ ማታ ይወጣል፤ ከትንኝ ያንሳል፣ ሲበር ድምፅ የለውም፣ ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታ ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚያመጣው እሱ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከገደሉ የወጣ ሰው አብዛኛውን አደጋ አምልጧል። ድንኳን ተክሎ ማደር የፈለገ ከገደሉ ርቆ፣ እጅጌ ረጅም ለብሶ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ ይደር። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ከሳምንታት እስከ ወራት ሊቆይ ይችላል። ፊት ወይም እጅ ላይ ሕመም የሌላት እብጠት ወጥታ ቀስ በቀስ ከሰፋች፣ በቅባትም ካልዳነች፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ሽኮኮ ያለበት ዋሻ ሄደው እንደነበር አስቀድመው ይናገሩ፤ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል።